ጠፈርተኛው ጎርደን ኩፐርና የእጅ ሰዓታቸው

በመስከረም ወር 1958 ዓ.ም. ጎርደን ኩፐርና ቻርልስ ኮንራድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ጠፈርተኞች የአፍሪካን አገሮች ሲጎበኙ ወደ ኢትዮጵያም መጥተው ነበር። ከጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፥ በነሐሴ 1957 ዓ.ም.፥ «ጀሚኒ 5» በተባለች መንኰራኵር ምድርን 8 ቀን ያህል ሲዞሩ ሰንብተዋል። እኔም የኩፐርን ታሪክ ለመጽሔታችን የመረጥሁት፥ ትምህርት በጭንቅ ጊዜ ምን እንደሚጠቅም ስለሚያስረዳ ነው።

ኩፐር በ1919 ዓ.ም. በኦክላሆማ ግዛት ተወለዱ። የአየር ኃይል አብራሪና መሐንዲስ ከሆኑም በኋላ፥ በ1951 ዓ.ም. ከተመረጡት ከመጀመሪያዎቹ 7 የአሜሪካ ጠፈርተኞች አንዱ ሆኑ።

ግንቦት 7 ቀን 1955 ዓ.ም. «ፌይዝ 7» በተባለች ጠባብ መንኰራኵር ብቻቸውን ወጡ። ስሟ «እምነት 7» ማለት ነው። ምድርን 22 ጊዜ ዞሩ፤ በሕዋም 34 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ቆዩ።

ጉዞው ሊፈጸም ሲቃረብ ግን የኤሌክትሪኩ መሥመር ተበላሸና መንኰራኵሪቱን በራሱ የሚመራው መሣሪያ ሥራውን አቆመ። በመመለሻው ጊዜ አቅጣጫዋ ቢዛነፍ ኖሮ ሕይወታቸው ባለፈ ነበር። ኩፐር ግን አልተደናገጡም። በመስኮቱ ላይ ያሠመሩትን መሥመር ከከዋክብት ጋር እያስተያዩ አቅጣጫውን አስተካከሉ፤ ጊዜውን በእጅ ሰዓታቸው ለኩ፤ ጓደኛቸው ጆን ግሌንም ከመርከብ ላይ ሆነው በሬዲዮ ይቈጥሩላቸው ነበር። ከዚያም ፍጥነት የሚቀንሱትን ሮኬቶች በእጃቸው አስነሡ።

መንኰራኵሪቱ በ1 ሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዝ ነበር። ይኸውም እኛ በእግራችን አንድ ቀን የምንደክምበትን፥ ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር ያለውን መንገድ በጥቂት ሴኮንድ ትጨርሰዋለች ማለት ነው። እንግዲህ የ1 ሴኮንድ መዘግየት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ያርቃል። ኩፐር ግን በሰላማዊ ውቅያኖስ ከሚጠብቃቸው መርከብ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቀው በደኅና ወረዱ። መስከረም 24 ቀን 1997 ዓ.ም. በ77 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ስልኩ ስለሚያሰላልን «ሒሳብ ማጥናት ምን ያደርጋል?» የምንል ተማሪዎች አለን። ኩፐርን ያዳነው ግን መሣሪያው ዝም ባለ ጊዜ በአእምሯቸው የነበረው ዕውቀት ነው። አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር አምጥቃለች። ወደ ፊት የሚመጥቁትን የሚሠራና የሚመራ ሰው ከእኛም መካከል ሊወጣ ይገባል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ስሌቱን በገዛ እጃችን መሥራት እንልመድ።