የቡና ዱካ ምዝገባና የብሎክቼይን ኖድ አቅም፦ ለቦንጋ የሚበቃው ማሽን

እ.ኤ.አ. በ2018 የኢትዮጵያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር አይ.ኦ.ኤች.ኬ. ከተባለው ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረመ ወዲህ፣ ቡናን ከማሳ እስከ ገዥ በብሎክቼይን የመከታተል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይነሣል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2023/1115 ጉዳዩን አስቸኳይ አድርጎታል፤ ቡናው የበቀለበት መሬት መገኛ ነጥብ፣ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ወሰኑ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ከካፋ ደን ለሚለቅም ገበሬ የዚህ መረጃ መጥፋት ገበያ ማጣት ነው። ስለዚህ መዝገቡ በምን ማሽን፣ በማን እጅ እንደሚቀመጥ መታወቅ አለበት።

ለሁሉም ክፍት በሆኑት ሰንሰለቶች ሸክሙ ከባድ ነው። የቢትኮይን ሙሉ ታሪክ ከ600 ጊጋባይት አልፏል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድና ከቶ በማይቋረጥ መስመር እንኳ አምስት ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። ፕሩኒንግ በሚባለው አሠራር አሮጌ ብሎኮችን እየሰረዙ የብሎክ ፋይሉን እስከ 550 ሜጋባይት ማውረድ ይቻላል፤ ሆኖም ኖዱ አስቀድሞ ሁሉንም ማውረድና ማረጋገጥ ስላለበት የመስመሩ ወጪ አይቀንስም። ኢተሪየም በየ12 ሰከንዱ ብሎክ የሚጨምርና በተበታተነ ንባብና ጽሕፈት የሚሠራ በመሆኑ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ አይደርስበትም፤ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲና 16 ጊጋባይት ራም የተለመደ ምክር ነው።

እንደ ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ ባለ፣ የተፈቀደላቸው ብቻ በሚሳተፉበት ሰንሰለት ግን ስሌቱ ፈጽሞ ይለወጣል። ለስሌት ያህል 100 ሺህ ማሳዎች በዓመት ዐሥር ዐሥር ግብይት ቢያስመዘግቡና እያንዳንዱ ከነፊርማው 5 ኪሎባይት ቢይዝ፣ ጠቅላላው በዓመት 5 ጊጋባይት ነው። ፎቶግራፍና ካርታ ከሰንሰለቱ ውጭ ተቀምጠው 32 ባይት የሆነው ሃሻቸው ብቻ ይመዘገባል። ተራ የቢሮ ኮምፒውተር ይበቃል።

ይልቁንስ አስቸጋሪው መብራት ነው። ብሎኮችን በቅደም ተከተል የሚያሰልፉት ኖዶች በራፍት ስልት የሚስማሙት አብዛኞቹ ሲገኙ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋ ሥራው ይቀጥላል፣ ሁለቱ ቢጠፉ ይቆማል። ሁለቱን ቦንጋ ላይ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ማኖር ሦስተኛውን ከንቱ ያደርገዋል። አንዱ በቦንጋ፣ አንዱ በጅማ፣ አንዱ በአዲስ አበባ ቢሆን ይሻላል፤ የቦንጋው ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፣ መብራት ሲመለስም ያመለጡትን ብሎኮች ከሌሎቹ ይቀበላል።

ባለቤትነቱም እንዲሁ መከፋፈል አለበት። ሦስቱም በአንድ ላኪ እጅ ከሆኑ ሰንሰለቱ ውድ ዳታቤዝ ነው። የገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ዩኒየን አንዱን ቢይዝ ግን መዝገቡ በስውር ቢነካ ያስታውቀዋል። እርግጥ ነው፣ ማሳው ላይ በስሕተት የተወሰደ የጂፒኤስ ነጥብን የትኛውም ኖድ አያርመውም።