የአሠራር ቅደም ተከተልን የሚገልጽ ድርሰት

ይህን ዓይነት ድርሰት ስትጽፉ እያንዳንዱን ተግባር ከነምክንያቱ በተራው ማስቀመጥ ይገባችኋል። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

የጥርስ ሕክምና ተማሪ ሕፃንን ሳያሳምም መርፌ መውጋት ሲማር፣ አስቀድሞ አነጋገሩን ያርማል። «አያምህም» ቢል፣ ሕፃኑ ከቃሉ የሚይዘው ሕመሙን ነው፤ ጥቂት ቢያመው ደግሞ ሐኪሙን ዳግመኛ አያምነውም። ስለዚህ «ጥርስህን እናስተኛለን፤ ትንሽ ቆንጠጥ ሊያደርግህ ይችላል» ይለዋል። ቀጥሎም ምራቅ ቅባቱን እንዳያጥበው ድዱን በንጹሕ ጥጥ አድርቆ፣ የሚያደነዝዝ ቅባት ይቀባዋል። ከዚያም ቅባቱ እስኪሠራ ድረስ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይታገሣል። በመጨረሻም ጉንጩን ወጠር አድርጎ መርፌውን ያስገባል፤ በኃይል የተገፋ መድኃኒት ሥጋን እየወጠረ ስለሚያሳምም፣ 1 ሚሊ ሊትሩን በ1 ደቂቃ ያህል ቀስ እያለ ይለቀዋል።

ልብ በሉ፦ «ከዚያም» ብሎ የሚጀምረው ዓረፍተ ነገር ቢወጣ፣ አንቀጹ የሰዋስው ስሕተት አይኖርበትም፤ በጽሑፉ የሚመራው ተማሪ ግን ሕፃኑን ያስለቅሰዋል።

መልመጃ
ሀ. ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትን ቃላት አውጥታችሁ ጻፉ።
ለ. ምክንያትን የሚገልጹትን ሐረጎች ለዩ።
ሐ. በሚገባ የምታውቁትን አንድ ሥራ ከነምክንያቱ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።