ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ከተመላሹ ወታደር ጎን ለጎን

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሰው ጉዶ በረትን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ ደጋው ያልቅበታል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ ከገለጠለት ከአፋፉ ላይ ሆኖ ቆላውን ቁልቁል ያያል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው የሠሩትን ዋሻ ሲወጣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ደብረ ሲናም ቆሎ ሻጮቿን አሰልፋ ትቀበለዋለች። ሁሉም ተደምሮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በእግር ስለመሄድ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም። በ2006 ዓ.ም. የፊልም ባለሙያው ያሬድ ሹመቴና ጥቂት ጓደኞቹ «ጉዞ ዓድዋ» ብለው ከአዲስ አበባ ሲነሱ ያለፉት በዚሁ ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘው ለየካቲት 23 ዓድዋ ደረሱ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም የሰሜኑ ጦርነት መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ ሌሎች እየተጨመሩ ጉዞው ቀጠለ። ያ ጦርነት ደግሞ ኅዳር 2014 ላይ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቀረበ። ለዘመናት ተጓዥ ያስተናገደች ከተማ በዚያ ወር የተፈናቃይና የወታደር መተላለፊያ ሆነች።

ጉዞ ዓድዋ የመታሰቢያ ጉዞ ነው፤ ዓላማው ገንዘብ ማሰባሰብ አልነበረም። ነገር ግን ሰው ለአንድ ጉዳይ ብሎ ረጅም መንገድ ሲሄድ አገር ቆሞ እንደሚያየው አሳይቷል። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከዚያ ይነሳል፤ ከመቶ ዓመት በፊት ለዘመተው ያን ያህል ከሄድን፣ ትናንት ተመልሶ ሌሊቱን ለማይተኛው ስንት ኪሎ ሜትር እንሄዳለን?

ጦርነቱ ቤት ሲገባ

ኢትዮጵያ ተመላሽ ወታደር ለማየት እንግዳ አይደለችም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደየቤታቸው ተሸኙ። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የድንበር ጦርነት የተመለሱም አሉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ብቻ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ይዟል። የመቋቋሚያ ገንዘቡ ተቆጥሮ ይሰጣል። ከሰውየው ጋር አብሮ የመጣውን ቅዠት ግን የሚቆጥረው የለም።

ምልክቱን አብዛኛው ቤተሰብ ያውቀዋል፤ ሕመም መሆኑን ግን አያውቅም። የቆርቆሮ በር ሲላተም ብርግግ ብሎ ይነሳል። ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ አይቀመጥም። ለልጆቹ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ኋላ ደግሞ ራሱ ያፍራል። አረቄው ይበዛል። ስለ ግንባሩ ሲጠየቅ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያልፋል። ይህ ሁኔታ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ተብሎ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ በፊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈንጂው ያናወጠው ነርቭ ነው ይሉት ነበር፤ ፈሪ ነህ ተብሎ የተቀጣም አለ። እኛም ጋ ቀረርቶና ፉከራ ለጀግናው ሞልቶ ተርፏል፤ ጀግናው ታመምኩ ሲል የምናደምጥበት ልማድ ግን የለንም።

ይህን ስል ጦር ሜዳ የዋለ ሁሉ ታሟል ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ግጭት በነካቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰው አንዱ ከቀላል እስከ ከባድ የሚደርስ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። አራቱ የሉበትም ማለት ነው። ለጉዞ ስትቀሰቅሱ ተመላሹን ሁሉ እንደ በሽተኛ የሚያሳይ ንግግር ከጀመራችሁ፣ ሥራ የሚፈልገውን ደህናውን ሰው ጎዳችሁት።

መራመድ ያድናል?

ኧርል ሻፈር የሚባል አሜሪካዊ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ መረጋጋት አቃተው። አብሮት ይጓዝ የነበረው የልጅነት ጓደኛው አይዎ ጂማ ላይ ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ1948 ሻፈር አብረው ሊሄዱበት ያቀዱትን የአፓላችያን የተራራ መንገድ ብቻውን ጀመረ፤ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ በአራት ወር ጨረሰው። ከእሱ በፊት መንገዱን በአንድ ጉዞ እንደጨረሰ የተመዘገበ ሰው አልነበረም። የወጣው ጦርነቱን በእግሩ ሊያራግፍ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከአፍጋኒስታን የተመለሰው ሾን ጎቢን በዚያው መንገድ ላይ ከባልደረባው ጋር ለአካል ጉዳተኛ ተመላሾች መኪና የሚሆን ገንዘብ እየሰበሰበ ተጓዘ። ገንዘብ ሊሰበስብ የወጣው ሰው ጉዞው ራሱን እንደጠቀመው አወቀ። በማግስቱ ዓመት ሌሎች ተመላሾችን ረጅም መንገድ የሚያስጉዝ ድርጅት አቋቋመ።

ጥናቱም ይህን ይደግፋል። በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ግምገማ 218 ሙከራዎችን አመሳክሮ፣ መራመድና ሶምሶማ የድብርትን ስሜት በጉልህ እንደሚያቀልሉ አሳይቷል። ልብ በሉ፤ ስለ ድብርት ነው የተናገረው። ከአሰቃቂ ክስተት ለሚመጣው ሕመም ዋናው መድኃኒት ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር የሚደረግ የንግግር ሕክምና ነው፣ አንዳንዴም ክኒን ይታከልበታል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ ክኒኑን ጥሎ አይሂድ እንጂ።

የእግር ጉዞ አንድ ነገር ግን ክሊኒክ ውስጥ ከሚሆነው በላይ ያመቻቻል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ዝምታው አያሳፍርም፤ ዳገት ስላለ ዝም ማለት ይቻላል። ፊት ለፊት ተቀምጦ «ምን ሆንክ?» ተብሎ ያልመለሰ ሰው፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ስለ ጓዱ ሳይጠየቅ ሊያወራ ይችላል። ስለዚህ በኔ አስተያየት የዚህ ዓይነት ጉዞ ትልቁ ስሕተት ለተመላሾች ብሎ ያለ ተመላሾች መሄድ ነው። መድረክ ላይ አቁማችሁ ታሪክህን ንገረን አትበሉት። ሰልፉ ውስጥ እንደማንኛውም ሰው ቦርሳውን ይዞ ይግባ። «ስንት ሰው ገደልክ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከቡድኑ ይቅር፤ ይህን ከመነሻው ለሁሉም ተናገሩ።

ብሩ የት ይገባል?

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባነር ይታተማል፣ ቲሸርት ይታዘዛል፣ ሆቴል ይያዛል፣ በመጨረሻ የተሰበሰበው ብር ቲሸርት ሆኖ ያልቃል። አንድም እርምጃ ሳትሄዱ ብሩ ምን እንደሚገዛ ወስኑ።

የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ታማሚ ከየዳር አገሩ አዲስ አበባ ይጓዝ ነበር። ዛሬ ነገሩ ትንሽ ቀርቧል። የዓለም ጤና ድርጅት የነደፈው፣ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በጤና ጣቢያ ደረጃ የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ የሚያሠለጥን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በኢትዮጵያ ተሞክሮ ሰፍቷል። ቢሆንም ከደብረ ሲና ዙሪያ ገጠር ተነስቶ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ለክትትል የሚመላለስ ሰው የመኪና ይከፍላል፣ ምሳ ይበላል፣ የቀን ሥራው ይቀርበታል፣ አስታማሚ ይዞ ከመጣ ሁሉም እጥፍ ነው። ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሦስተኛው ላይ ይቀራል። የቀረው ድኖ ይመስለናል። እኔ ብጠየቅ የጉዞውን ብር ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ለሦስተኛው፣ ለአራተኛውና ለአምስተኛው ቀጠሮ የመኪና። ከዚያ መድኃኒት፣ ከዚያ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሥልጠና። ለፎቶ የማይመች ወጪ ነው፤ ለጋሹም ያንን አውቆ ይስጥ።

አሰባሰቡ ቀላል ነው፤ በኪሎ ሜትር ቃል ማስገባት። አንድ ሰው በኪሎ ሜትር 10 ብር ቢል ለ60 ኪሎ ሜትር 600 ብር ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ 100 ሰዎች 60,000 ብር ያመጣሉ። 600ው ለአንድ ሰው ቀላል ነው፣ አንድ ዕድር ቢገባበት ደግሞ 60,000ውም ከባድ አይደለም። ዕድር ለሞተው ብቻ ሳይሆን ለታመመውም የሚዘረጋ ገንዘብ እንዳለው አባላቱን ማስታወስ ነውር የለውም። ብሩ ግን በማንም ግለሰብ ሒሳብ ወይም በማንም ሰው ቴሌብር አይግባ። በሕግ የተመዘገበ ድርጅት ወይም የሆስፒታሉን ሒሳብ ተጠቀሙ፤ ፈራሚውም ከሁለት ሰው አይነስ።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በርማ የዘመቱት ካፒቴን ቶም ሙር እ.ኤ.አ. በ2020 መቶኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ሲሉ፣ በመራመጃ መደገፊያ እየታገዙ በግቢያቸው 25 ሜትር እየተመላለሱ 100 ዙር ሄዱ። አንድ ሺህ ፓውንድ ነበር ያሰቡት፤ ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለአገሪቱ የጤና አገልግሎት በጎ አድራጎት ገባ። ያ ገንዘብ ደረሰ። ኋላ በስማቸው የተቋቋመውን ሌላ ድርጅት በተመለከተ ግን የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት የቤተሰባቸው አባላት የግል ጥቅም አግኝተውበታል አለ። ሽማግሌው በንጹሕ ልብ የሄዱት መንገድ ስሙ በዚያ ተነካ።

የእሳቸው ታሪክ ሌላም ይጠቅመናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሰሜን ሸዋ መንገድ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት የወረዳውን አስተዳደርና የአገር ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ አይሆንም ካሉ አይሆንም። ያኔ እንደ ካፒቴን ቶም 60 ኪሎ ሜትሩን በከተማ ሜዳ ዙሪያ ተመላልሳችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። ለጋሹ ቃል የገባው ለኪሎ ሜትር ነው፣ ለገደል አይደለም።

ዳገቱ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው

መንገዱ ከተፈቀደ ሦስት ቀን ያዙ፤ በቀን 20 ኪሎ ሜትር። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ወቅት ይሻላል፤ በክረምት የጣርማበር ጉም ሾፌሩ እናንተን እንዳያያችሁ ያደርጋል። ሁለት ወር አስቀድሞ በሳምንት ሦስት ቀን ተራመዱ፣ ከእነዚህ አንዱ ረጅም ይሁን። አዲስ ጫማ ተጫምታችሁ አትነሱ፤ እግራችሁ በመጀመሪያው ቀን ውሃ ይቋጥራል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ ጉልበት የሚበላው ግን ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት ነው። የእግር ጥፍራችሁን ከርክሙ፣ ጣታችሁ ጫማው አፍንጫ ላይ እንዳይመታ የቁርጭምጭሚቱን ማሰሪያ ጠበቅ አድርጉ፣ አጭር አጭር እርምጃ ሂዱ፣ ዱላ ያዙ። ስንቅ አባቶቻችን የዘመቱበት በሶና ዳቦ ቆሎ ነው፤ ምንም የተሻለ አልተፈጠረም። ከመኪና ፊት ለፊት በግራ ጠርዝ፣ በነጠላ ረድፍ ተጓዙ። ዋሻው ውስጥ ግን ጨለማ ነው፣ የጭነት መኪናው ብዙ ነው፤ በመኪና ተጭናችሁ እለፉት። ያልሄዳችሁትን ከኪሎ ሜትሩ ቀንሱ፣ ለለጋሹም ንገሩ። ማንም አይከፋም።

ቡድኑ ውስጥ አንድ የሥነ አእምሮ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ይኑር። በመንገድ ላይ አንዱ ተመላሽ ድንገት ቢርበተበት ከኋላ ሄዳችሁ አትያዙት። ከፊቱ በስሙ ጥሩት፣ የት እንዳለ ንገሩት፣ ትንፋሹን ቀስ እንዲያደርግ አብራችሁ ተንፍሱ። መኖር ሰልችቶኛል ቢል እንደ ቀልድ አትለፉት፤ ብቻውን አትተዉት፣ የጦር መሣሪያ ካለው ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግራችሁ ከእጁ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አቀባበሉ

እንግዳን በክብር መቀበል የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቅበታል። ሽለላው ይደምቃል፤ አንዳንዴም ደስታው ሲበዛ ጥይት ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ለሠርግ ያምር ይሆናል። ሦስት ቀን ተጉዞ ልቡ ትንሽ የተከፈተለት ሰው ግን በዚያች ተኩስ መሬት ላይ ሊጣል ይችላል። ከሳምንት በፊት ለአስተባባሪዎቹ ተናገሩ፤ ተኩስ የለም፣ ርችት የለም፣ የአምቡላንስ ጩኸትም አይነፋ። እልልታ ይበቃል። ካሜራ የያዘም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ የተመላሽ ፊት አያንሳ፤ ፎቶው ነገ ቀጣሪው እጅ ሊገባ ይችላል።

ከድግሱ በኋላ ባለው ሳምንት የተገባው ቃልና የተከፈለው ብር ልዩነት ይታያል፤ ቃል ገብቶ የማይከፍል ሁልጊዜ አለና አትደንግጡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በትሕትና አስታውሱ። ሒሳቡን ብር በብር ጻፉና ዕድሩ ቤትና ጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። የታማሚ ስም አይጻፍበት፤ «ለ14 ቀጠሮ የመኪና» የሚል ይበቃል። ከዚያ ስልካቸውን ለሰጧችሁ ተመላሾች ደውሉ፤ እንደ እንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ለመግለጽ ሳይሆን የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ለመጠየቅ። የመኪናው ብር ከቀጠሮው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ እጃቸው ይግባ፤ ከደብረ ሲና የጠዋቱ መኪና በጊዜ ይሞላል።