ማይክሮፎኑ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ጸሎት

ጥያቄ፦ ጠያቂው በአዲስ አበባ የአንድ የወንጌል አማኞች አጥቢያ መጋቢ ናቸው። በመድረክ ላይ ጸሎት ያለ ችግር እንደሚፈስላቸው፣ በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን ሲንበረከኩ ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጃቸው ወደ ስልካቸው እንደሚሄድ፣ አለዚያም የሚያነቡት ክፍል ሁሉ የእሑድ ስብከት እየሆነ እንደሚያስቸግራቸው ይጽፋሉ። ለራሳቸውም ለምእመናኑም መድኃኒት ይሆናል በማለት በአንድ እሑድ ከስብከት በኋላ ጉባኤው ለዐሥር ደቂቃ በዝምታ እንዲጸልይ አደረጉ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ማቆም እንዳለበት የነገረው ስላልነበረ ቀስ እያለ መጫወቱን ቀጠለ፤ ሕፃናት አለቀሱ፤ ምእመናኑም ዐይናቸውን ገልጠው እርስ በርስ ተያዩ። በሳምንቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን «የዮጋ ዘመድ» ሲሉ ነቀፉት። መጋቢው ልምምዱን ይተዉት ወይስ ይግፉበት፣ የራሳቸውስ ጸሎት እንዴት ይመለስ የሚለው ጥያቄያቸው ነው።

ምላሽ፦ ጥያቄዎቹ ሁለት ቢሆኑም መልሳቸው ቅደም ተከተል አለው፤ ለጉባኤ የሚሰጥ ዝምታ አስቀድሞ በአገልጋዩ ጓዳ ያደረ መሆን ስለሚገባው፣ የመጋቢው ጸሎት ከሽማግሌዎቹ ክርክር በፊት ይታያል።

በጓዳ የገጠማቸው ነገር አዲስ አይደለም። በግብፅ በረሃ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኤቫግርዮስ፣ ብቻውን የሚጸልይን ሰው የሚፈታተኑትን አሳቦች ሲዘረዝር አኬዲያ የተባለውን ከሁሉ የከበደ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ አኬዲያ ማለት ያሉበትን ቦታና የያዙትን ሥራ የሚያስጠላ የነፍስ መሰልቸት ሲሆን፣ በቀትር ስለሚበረታ ከመዝሙረ ዳዊት በተወሰደው ስም የቀትር ጋኔን ተብሏል። በዚህ አሳብ የተያዘ መነኩሴ፣ ይላል ኤቫግርዮስ፣ ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች፤ ለምግቡ ሰዓት ስንት እንደቀረ ለማየት ወደ ውጭ ይመለከታል፤ የሚጎበኘው ወንድም ይመጣ እንደሆነም መስኮት መስኮቱን ያያል። የመጋቢው ስልክ የዚያ መነኩሴ መስኮት ነው። የጥንቱ መድኃኒት ከቦታ ሳይንቀሳቀሱ መጽናት ስለነበረ፣ ስልኩ በጸሎት ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ኪስ ውስጥ ሳይሆን በሌላ ክፍል ቢቀመጥ ይሻላል።

ንባብን ሁሉ ወደ ስብከት የሚለውጠው ልማድ ግን የሰባኪዎች ልዩ ፈተና ነው፤ ለሌላው የሚቆርስ ሰው ሳይጎርስ ሊውል ይችላልና። ለዚህ ከራሱ ከፕሮቴስታንቱ ጓዳ የሚገኝ ትምህርት አለ። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1535 ጴጥሮስ ለተባለ ፀጉር አስተካካይ ስለ ጸሎት አጭር መጽሐፍ ጽፎለት ነበር። ጥሩ ፀጉር አስተካካይ ልቡንና ዐይኑን ከምላጩ እንደማያነሣ፣ ወሬ ካበዛ ግን የደንበኛውን አፍ ወይም አፍንጫ አልፎም ጉሮሮውን ሊቆርጥ እንደሚችል አስታውሶት፣ ጸሎትም እንዲሁ ሙሉ ልብ እንደሚፈልግ ያስረዳዋል። አንዷን ትእዛዝ ወስዶ በአራት ገመድ እንደሚጎነጎን አክሊል አድርጎ እንዲጸልይባትም ያሳየዋል፦ መጀመሪያ የምታስተምረውን፣ ቀጥሎ የምታስመሰግነውን፣ ከዚያ የምታስናዝዘውን፣ በመጨረሻም የምታስለምነውን። በመካከል መንፈስ ቅዱስ በልቡ መናገር ከጀመረ ግን የቀረውን ትቶ በዝምታ እንዲያዳምጥ ይመክረዋል።

ስለዚህ ጠያቂው በየማለዳው ከ15 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ፣ በቅርቡ የማይሰብኩበትን ክፍል መርጠው፣ ብዕርና ማስታወሻ ሳይዙ፣ ጥቂት ቁጥር ብቻ ቀስ ብለው ድምፅ አውጥተው ቢያነቡና በእነዚህ አራት መንገዶች ቢጸልዩበት፣ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎችም ያለ ቃል ቢቀመጡ ይጠቅማቸዋል። የስብከት አሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣ ከእርሱ ጋር መጣላትም እርሱን መከተልም ሳያስፈልግ ወደ ተነበበው ቃል መመለስ ይበቃል፤ በአንድ ማለዳ ሃያ ጊዜ መመለስም የጸሎቱ ሥራ እንጂ ውድቀቱ አይደለም።

ወደ ሽማግሌው ነቀፋ ሲመጣ፣ መጋቢው ቅር ከመሰኘታቸው በፊት ስሕተታቸውን ቢያዩ መልካም ነው፤ ያልተመከረበትና ያልተብራራ ነገር በድንገት ሲመጣ መጠርጠር የመንጋ ጠባቂ ወግ ነው። ሽማግሌው ለሚፈሩት ነገር ግን መልስ አለ። የወንጌል አማኞች በየማለዳው ለንባብና ለጸሎት የሚለዩትን ሰዓት ራሳቸው «የጥሞና ጊዜ» ይሉታል፤ ጥሞና ረጋ ብሎ በጸጥታ ማዳመጥ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ጽሞና፣ አርምሞ ማለትም አንደበትን ገትቶ ዝም ማለት፣ እንዲሁም ተመስጦ ማለትም ልብ በእግዚአብሔር ነገር መነጠቁ፣ እንደ ማር ይስሐቅ ባሉት የመነኮሳት መጻሕፍት ሲተረጎሙ የኖሩ ናቸው። ልዩነቱም ግልጽ ነው፦ ክርስቲያናዊ ጥሞና አእምሮን ባዶ ለማድረግ የሚደረግ ሳይሆን የተነገረን ቃል ይዞ በተናጋሪው ፊት መቆየት ነው። ስለዚህ ዝምታው ምንጊዜም ንባብን ተከትሎ ቢመጣ የሽማግሌው ጥያቄ በቃል ክርክር ሳይሆን በአሠራሩ ይመለሳል።

ለጉባኤው ዐሥር ደቂቃ ለመጀመሪያ ቀን ይበዛል። በፈረንሳይ የሚገኘውና ወንድም ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1940 የጀመረው የቴዜ ማኅበር በየዕለት ጸሎቱ መካከል ረዘም ያለ ዝምታ አለው፤ ነገር ግን ከመዝሙርና ከንባብ ቀጥሎ በታወቀ ቦታው የሚመጣ ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም። በአጥቢያውም ከሽማግሌዎቹ ጋር ከተመከረ በኋላ ንባቡ እንዳለቀ ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ፣ ምን እንደሚደረግበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገር፣ የሚዘጋው ጸሎት ቢታወቅና ኪቦርድ ተጫዋቹ አስቀድሞ እጁን ቢያነሣ ይበቃል። የሕፃናት ድምፅ እንደ ረብሻ መቆጠር የለበትም፤ ዝም ማለት የሚከብደውም ሰው በልቡ መዝሙር ቢል አይነቀፍ።

የመጋቢው መሰልቸት ከአገልግሎት ድካም የመጣ ሆኖ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት እስከ መንሣት ከደረሰ ግን ጥሞና የሐኪምን ቦታ አይተካም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ለመብላት እንኳ ጊዜ ያጡትን ሐዋርያት ጌታ ያዘዛቸው ለብቻቸው ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ ነበረና፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ለአገልጋይ ቅንጦት አይደለም።

የመጨረሻው ምክር ከሁሉ ይከብዳቸው ይሆናል፦ ቢያንስ ለሦስት ወር በማለዳው ጸሎት ያገኙትን ነገር ከመድረክ አይናገሩት፣ ለስብከት ምሳሌም አያድርጉት። ዝም አይነቅዝም እንደሚባለው፣ ማይክሮፎን ያልነካው ጸሎት ተቀምጦ አይበላሽም፤ መጋቢውም ሰሚ ሕዝብ በሌለበት መጸለይን መልሰው የሚማሩት በዚሁ ነው።