ለኳንተም ሳይንስ መሣሪያው ሲገኝ ባለሙያው ከየት ይምጣ?

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሆነን ስለ ኳንተም ሳይንስ ለመጻፍ መነሣታችን፣ ለአንዳንድ አንባቢ የሰው እርሻ እንደ ማረስ ይታየው ይሆናል። እኛ የምንመረምረው ግን ስሌቱን ሳይሆን፣ መንግሥት ለዚህ ዕውቀት ሰው የሚያዘጋጅበትን መንገድ ነው። ይህም የሕግና የገንዘብ፣ ይልቁንም የትምህርት ጉዳይ ስለ ሆነ የእኛም ነው። ለምሳሌ የምንወስደው አሜሪካን ነው፤ በዚያ አገር ሕጉም ገንዘቡም በግልጽ ተጽፎ ይገኛልና። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ጥቂት እንበል። ኳንተም ሳይንስ እንደ አቶምና እንደ ኤሌክትሮን ያሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የሚመሩበትን ሥርዓት የሚያጠና የፊዚክስ ክፍል ነው። መነሻው በ1900 ጀርመናዊው ማክስ ፕላንክ ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም የጨረር ኃይል እንደ ውሃ ሳይቋረጥ የሚፈስ ሳይሆን እንደ ጥራጥሬ በፍሬ በፍሬ የሚሰጥና የሚወሰድ ነው የሚል ነበር። ትራንዚስተርና ሌዘር የዚሁ ዕውቀት ውጤቶች ናቸው። ዛሬ ደግሞ የኳንተም ኮምፕዩተር ተጨምሯል። ተራው ኮምፕዩተር ዜሮ ወይም አንድ በሚሉ ምልክቶች ሲሠራ፣ ኪዩቢት የተባለው የኳንተም ምልክት ግን እስኪለካ ድረስ የሁለቱ ቅልቅል ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ይህ ጠባይ ሁሉንም ባይሆን አንዳንድ ስሌቶችን በእጅጉ ያፋጥናል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል።

ዳሩ ግን ኪዩቢት ስስ ነገር ነው፤ ጥቂት ሙቀት ያበላሸዋል። አንዳንዱ ዓይነት የሚሠራው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ብርድ ነው። ስለዚህ ሥራው የፊዚክስ ሊቅ ብቻ አይበቃውም፤ ማቀዝቀዣውን የሚጠግን፣ ሌዘሩን የሚያስተካክል፣ ፕሮግራሙን የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። የመንግሥት ዕርዳታ ጥያቄም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በእንዲህ ያለ ጉዳይ እጁን ሲያስገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሶቪየት ኅብረት በጥቅምት ወር 1957 ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ስትልክ፣ አሜሪካ ከሰጠቻቸው መልሶች አንዱ በ1958 የወጣው የትምህርት ሕግ ነበር። ሕጉ ለተማሪዎች ብድር ሰጠ፤ ከሳይንስና ከሒሳብ ጋር የውጭ ቋንቋዎችን ትምህርት ጭምር ረዳ። ይህን የቋንቋ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ ልብ ልንለው ይገባል።

ስለ ኳንተም የወጣው ሕግ የተፈረመው ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ነው። ለአምስት ዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዲወጣ ፈቀደ። በዚሁ መሠረት ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ2020 በ75 ሚሊዮን ዶላር ሦስት ተቋሞችን አቋቋመ፤ የኢነርጂው መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ለአምስት የምርምር ማእከሎች እስከ 625 ሚሊዮን ዶላር መደበ። እንዲሁም በ2020 ትምህርቱን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች የሚያደርስ የመንግሥት፣ የኩባንያዎችና የመምህራን ኅብረት ተመሠረተ። በየካቲት 2022 ደግሞ ሙያተኞችን ስለ ማፍራት አንድ ብሔራዊ ዕቅድ ታተመ። ዕቅዱ አራት ነገሮችን ይዟል፤ የሚፈለገውን ሰው ዓይነት ማወቅ፣ ሙያውን ለሕዝብ ማስተዋወቅ፣ የትምህርቱን ጉድለት መሙላት፣ የሙያውንም በር ለሁሉ መክፈት።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ የሕግ ዕድሜና የተማሪ ዕድሜ አይገጥሙም። ሕጉ ሲፈረም ዘጠነኛ ክፍል የነበረ አሜሪካዊ ልጅ፣ አምስቱ ዓመት በ2023 ሲያልቅ ቢበዛ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱን ቢጀምር ነው፤ ለዶክተርነት ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ከዚህም በላይ በሕግ የተፈቀደ ገንዘብ ሁሉ የተከፈለ ገንዘብ አይደለም፤ በየዓመቱ በምክር ቤቱ በጀት ይወሰናል። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ቀድሞ ወደ በለጸጉት ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳል። ይህን በመገንዘብ ይመስለናል፣ የሳይንስ ፋውንዴሽኑ በ2022 በዚህ ሙያ ገና ላልጠነከሩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሆን ልዩ ዕርዳታ የጀመረው። የፊዚክስ መምህር በሌለበት ተማሪ ቤት ያደገ ልጅ ግን ወደነዚያ በሮችም አይደርስም። መምህሩን ሳያዘጋጁ መሣሪያውን ማቆም ሳይመጥኑ ድስት መጣድ ነው።

ነገሩ የባለጸጎች ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ አንድ አፍሪካዊ ምሳሌ እንጥቀስለት። የተባበሩት መንግሥታት 2025ን የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ብሎ በሰኔ 2024 ሲሠይም፣ የውሳኔውን ረቂቅ ያቀረበችው ጋና ነበረች። በእኛ በኩል ውድ የሆነውን ኮምፕዩተር ከመመኘት በፊት መጀመር ያለበት በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነው ብለን እናምናለን፤ የመምህሩ ደመወዝና የክፍሉ ቤተ ሙከራ የማንኛውም የኳንተም ዕቅድ የመጀመሪያ ገጽ መሆን አለበት።

ስለ ኪዩቢት በተናገርነው የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ስሕተት ቢያገኙብን ያርሙን። ስለ መምህሩ በተናገርነው ግን የማይስማማ ካለ፣ በሚቀጥለው እትም መልሱን እንዲጽፍልን እንጠይቃለን።