የጫንነው ፎንት የት ገባ?

እህቶች፣ እሁድ ዶራ ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ያልተከፈላችሁን ደመወዝ ዝርዝር በአማርኛ ልትጽፉ ስትሉ፣ የጫናችሁት ፎንት ዎርድ ውስጥ ከሌለ አትደንግጡ።

1. ፋይሉ ዚፕ ከሆነ መጀመሪያ አውጡት። ከዚያ በማውሱ ቀኝ ተጫኑና «ኢንስቶል» የሚለውን ንኩ።

2. ዎርድ ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረ አዲሱን ፎንት ላያሳይ ይችላል። ጽሑፉን ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉና እንደገና ክፈቱ።

3. ፎንቱን መርጣችሁ ስትጽፉ የእንግሊዝኛ ፊደል ከወጣ፣ የጎደለው የአማርኛ ኪቦርድ ነው። ፎንት መልኩን እንጂ መጻፊያውን አይሰጥም።

4. ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ነገር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ይዘበራረቃል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ገብቷልና እንደ አቢሲኒካ ባለው ጻፉ።

ሳትወጡ በፒዲኤፍ አስቀምጡት። የደመወዛችሁ ነገር ነውና ጠበቃው ፊት አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ እንዳይቀር።