መጀመሪያ ደብተሩ

ልጄ፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ከጓደኞችሽ ጋር የፋይናንስ ክበብ ልታቋቁሚ እንደሆነ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጉጉትሽን አውቀዋለሁ፤ የጀመርሽውን ሳትጨርሺ ሌላ ማንሳትሽንም አውቀዋለሁ። በባንክ ሠራተኝነትና በእቁብ ጸሐፊነት ካየሁት ጥቂቱን ልንገርሽ።

1. ከአርማውና ከቲሸርቱ በፊት ደብተር ግዢ። ሃያ ልጆች በወር ሃምሳ ሃምሳ ብር ብታዋጡ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም ሳታጎድሉ መዝግባችሁ ማቆየታችሁ ግን ትንሽ አይደለም። የእቁባችን ዳኛ የተሳሳተ ቁጥር በላጲስ አያጠፉም ነበር። በአንድ መስመር ይሰርዙታል፣ ትክክለኛውን ከበላዩ ይጽፋሉ፣ ቀኑን አድርገው ይፈርማሉ። ስሕተቱ እንዳለ ይታያል። በኋላ ባንክ ስገባ አለቃዬ ያስተማሩኝ ያንኑ ነው። ሳይቆጥሩ የተቀበሉት ብር ሲመልሱት ይጎድላል።

2. አክሲዮን ከማጥናትሽ በፊት ጤፍ አጥኚ። አንቺ ከአምቦ፣ አንዱ ከጊንጪ፣ ሌላዋ ከጉደር የነጭና የሰርገኛ ጤፍ ዋጋ በየገበያው ቀን ጻፉ። አዝመራ ሲገባ ይረክሳል፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። ጤፍ እንደ በቆሎ ነቀዝ አይፈጀውም፤ ታዲያ ገበሬው ለምን በርካሹ ይሸጣል? ሄደሽ ጠይቂው። የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የልጅ ደብተርና ልብስ አለበት። መጠበቅ የሚችለው በእጁ ጥሬ ገንዘብ ያለው ነው። ይህን ከገበሬው አፍ የሰማ ተማሪ፣ ባለአክሲዮን ተጨንቆ ሲሸጥ ምክንያቱ አይጠፋውም።

3. ሳታነቢ አትግዢ፣ ሳታነቢም አትምከሪ። እኔ አንድ ጊዜ በምሥረታ ላይ ያለ ኩባንያ አክሲዮን የገዛሁት በሆቴል አዳራሽ ጥሩ ንግግር ስለሰማሁ ነው። ብሬ ከዓመታት በኋላ ያለ አንዳች ትርፍ ተመለሰልኝ፤ ኑሮ ግን በእነዚያ ዓመታት አልጠበቀኝም። ዛሬ ጊዜው ለእናንተ ተሻሽሏል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል፤ ሪፖርት አንብቦ የሚመዝን ሰው ይፈለጋል። ከኢትዮ ቴሌኮም ጀምሩ። በ2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ቀርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ለምን ሁሉም አልተሸጠም? ዋጋው ነው፣ የሰዉ አቅም ነው፣ ወይስ አለማወቅ? ኩባንያው አክሲዮኑን ሲሸጥ ያወጣውን ደንበኛ ሳቢ መግለጫ ተካፍላችሁ አንብቡና ተከራከሩበት። ስለ ሥጋት የሚያወራውን ክፍል ሁለቴ አንብቡት፤ ሰው የሚዘለው እሱን ነው።

4. አማካሪ ዘንድ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የሠራሽውን አንድ ገጽና አንድ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ፤ በወሩ ተመልሰሽ በምክራቸው ምን እንደሠራሽ ንገሪያቸው። ትልቅ ሰው የሚሰለቸው ጥያቄ ሲበዛበት አይደለም፤ የመከረው ሜዳ ላይ ሲቀር ነው። የግድ የአዲስ አበባ ሥራ አስኪያጅ አትፈልጊ። የገበሬዎች ዩኒየን ሒሳብ ሠራተኛም እዚሁ አሉልሽ።

5. ብራችሁን በወር እጥፍ አደርጋለሁ የሚል ሰው ክበባችሁ ውስጥ አንድ ቀን አይደር።

6. ስምሽን ከአሁኑ ጠብቂ። በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክን የመሠረቱት 486 ሰዎች 24.2 ሚሊዮን ብር ሲያዋጡ፣ አገሩ ሃያ ዓመት ያህል የግል ባንክ አላየም ነበር። እንግዲህ ብራቸውን ያወጡት ምን አይተው ነው? አስተባባሪዎቹን አምነው ነው እላለሁ። ለባንኩ ስሙን የሰጠው ወንዝ የሚነሳው እዚሁ ጊንጪ አጠገብ ነው፤ መነሻውን ያየ ሰው አፋር ድረስ ይዘልቃል ብሎ አይገምትም።

የመጀመሪያውን ወር ደብተር ቅዳሜ ይዘሽልኝ ነይ። የተሰረዘ ካለበትም እንዳለ አምጪው፤ በንጹሕ ገልብጠሽ እንዳታመጪ።